ኮሎራዶን በከፍታ ማንበብ፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው መመሪያ

እናቴ ከአዲስ አበባ በመጣች በአራተኛው ቀን ሌድቪል ወሰድኳት። ሌድቪል 3,094 ሜትር ላይ የተቀመጠች ትንሽ የማዕድን ከተማ ናት። እኔ ያን ጊዜ ከሜሪላንድ ተዛውሬ አንድ ሳምንቴ ነበር። ከመኪናው ወርጄ ሃምሳ እርምጃ ሳልሄድ ራሴን ወቅሮኝ አግዳሚ ላይ ቁጭ አልኩ። እሷ ነጠላዋን አጣፍታ ቁልቁል አየችኝና «ምነው ልጄ፣ ፈረንጅ አገር ስትቀመጥ እንጦጦን ረሳኸው?» አለችኝ።

ኮሎራዶ እንዲህ ነው። ምን እንደምትለብሱ፣ መቼ እንደምትወጡ፣ የትኛው መንገድ እንደሚዘጋ፣ ማን የት እንደሰፈረ፣ ሁሉንም የሚወስነው ከፍታ ነው። ደጋ፣ ወይና ደጋና ቆላ እያልን ስላደግን ግማሹን ትምህርት ይዘነው እንመጣለን። ቀሪው ግማሽ ግን ያታልለናል። ለምን እንደሆነ ወደ አየሩ ስንደርስ ታያላችሁ። ወሮቹና ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ክረምትና በጋ ስልም የዚያን አገር ነው፦ ክረምት ብርዱ፣ በጋ ሙቀቱ።

1. ካርታውን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ አንብቡት

በተራ ካርታ ላይ ኮሎራዶ በማስመሪያ የተሰመረ ሳጥን ይመስላል። ስፋቱ 269,800 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የኢትዮጵያ ሩብ ያህል። በ2020 ቆጠራ 5.77 ሚሊዮን ሰው ነበረው። ሳጥኑን ተዉትና የከፍታ ካርታ ክፈቱ።

በምሥራቅ በኩል ሜዳ ነው። ስንዴ፣ በቆሎ፣ ከብት፣ ሰማይ። ከስቴቱ ሁሉ ዝቅተኛው ቦታ እዚያው ነው፤ አሪካሪ የሚባለው ወንዝ ወደ ካንሳስ የሚወጣበት ሥፍራ፣ 1,011 ሜትር። ዝቅተኛ ቦታው ይህን ያህል ከፍ ያለ ሌላ የአሜሪካ ስቴት የለም። እንደኛ አፋር ወርዶ መሞቅ እዚህ አይታሰብም።

ሜዳው ከተራራው ጋር በሚገናኝበት መስመር ላይ ከተሞቹ እንደ ጨሌ ተሰክተዋል፦ ፎርት ኮሊንስ፣ ቦልደር፣ ዴንቨር፣ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ፣ ፑዌብሎ። አብዛኛው ሕዝብ የሚኖረው በዚህ ቀጭን መስመር ነው። ክሩ ደግሞ ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚሄደው ሃይዌይ 25 ነው። ዴንቨር ልክ 5,280 ፊት ወይም አንድ ማይል፣ 1,609 ሜትር ላይ ናት ይባላል። የስቴቱ ምክር ቤት ደረጃ ላይ ይህ ከፍታ ተቀርጿል። ችግሩ አንድ ቦታ ብቻ አይደለም የተቀረጸው። መጀመሪያ 15ኛው ደረጃ ላይ ተጻፈ። በ1969 ተማሪዎች ለክተው 18ኛው ነው አሉ። በ2003 እንደገና ሲለካ 13ኛው ሆነ። ፎቶ የምትነሱ ከሆነ ሦስቱም ላይ ቁሙ፤ አንዱ መቼም ትክክል ይሆናል።

ከዚያ በኋላ ሮኪ ተራሮች በአንዴ ይነሳሉ። ከፍተኛው ኤልበርት ነው፣ 4,401 ሜትር። ከ14,000 ፊት፣ ማለትም ከ4,267 ሜትር በላይ የሚረዝሙ ተራሮች ከሃምሳ ይበልጣሉ። የአገሩ ሰው «ፎርቲነር» ይላቸዋል፤ አንዱን የወጣ ሰው ለሳምንት ሲያወራው ይከርማል። ራስ ዳሽን ሁሉንም ይበልጣቸዋል። ይህን በጨዋነት ጣል ማድረግ አይከፋም።

ከተራሮቹ ባሻገር ምዕራቡ ነው። ቀይ ገደል፣ ጠፍጣፋ አምባ፣ ደረቅ ሸለቆ። ፓሊሴድ በምትባል ከተማ ዙሪያ የሚበቅለውን ኮክ በኦገስት ቅመሱት።

አንድ የሚጠቅም ዘዴ ልንገራችሁ። ዴንቨር ውስጥ መንገድ ከጠፋችሁ ቀና በሉ። ተራራው ያለበት ሁሌም ምዕራብ ነው። ስልኬ ሲሞትብኝ ስንቴ እንዳዳነኝ አልቆጥረውም።

ውሃውንም እዚሁ ያዙ። የአህጉሩ አከርካሪ በመሃል ያልፋል። ከአከርካሪው በስተምዕራብ የወረደ ውሃ ወደ ፓሲፊክ ወገን፣ በስተምሥራቅ የወረደው ወደ አትላንቲክ ወገን ይሄዳል። ኮሎራዶ፣ አርካንሳስ፣ ሪዮ ግራንዴና ሳውዝ ፕላት የሚባሉት ወንዞች ሁሉ እዚህ ይነሳሉ። ከውጭ የሚገባ ወንዝ የለም ማለት ይቻላል። አብዛኛው ዝናብና በረዶ የሚወርደው በምዕራብ ሲሆን አብዛኛው ሰው የሰፈረው በምሥራቅ ነው። ስለዚህ ተራራውን ቀደዱት። አልቫ አዳምስ የሚባለው ዋሻ 21 ኪሎ ሜትር ያህል ከተራራው ሥር ውሃ ያሻግራል፤ ከ1947 ጀምሮ ይሠራል። የኮሎራዶን ወንዝ ደግሞ ሰባት ስቴቶች በ1922 በስምምነት ተካፍለውታል። የተካፈሉትን ያህል ውሃ ሳይገኝ ቀረና ጭቅጭቁ እስከ ዛሬ አልበረደም። የላይኛው ተፋሰስ፣ የታችኛው ተፋሰስ፣ የድርሻ ቁጥር፣ የድርቅ ዓመት። ስለ ዓባይ ዜና ሲከታተል ለኖረ ሰው ክርክሩ አዲስ አይሆንበትም።

2. ታሪኩን ቢያንስ በአራት ቦታ ያዙት

ሁሉንም ማንበብ አያስፈልግም። አራት ቦታዎችን ብታውቁ ሌላው ይያያዝላችኋል።

የመጀመሪያው ሜሳ ቨርዴ ነው፣ በደቡብ ምዕራብ ጥግ። ዛሬ ፑዌብሎ የሚባሉት ነባር ሕዝቦች አባቶች ገደል ውስጥ ቤት ሠርተው ኖረዋል። በ1300 ገደማ ትተውት ወደ ደቡብ ሄዱ። ክሊፍ ፓላስ የሚባለው ብቻ 150 ያህል ክፍል አለው። ላሊበላ ሄዶ ዓለት ፊት ዝም ብሎ የቆመ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል፤ ሥራው ግን ሌላ ነው፤ ያኛው ተፈልፍሎ፣ ይህኛው በድንጋይና በጭቃ ተገንብቶ። ፓርክ የሆነው በ1906 ነው።

ሁለተኛው ሳን ሉዊስ ነው። ይህ መሬት እስከ 1848 የሜክሲኮ ግዛት ነበር፤ በጦርነት ተወሰደ። በ1851 ስፓንኛ ተናጋሪ ገበሬዎች የመሠረቷት ሳን ሉዊስ ሳይቋረጥ ሰው የኖረባት የስቴቱ አንጋፋ ከተማ ናት። «ኮሎራዶ» ራሱ የስፓንኛ ቃል ነው፣ ቀላ ያለ ማለት።

ሦስተኛው ሳንድ ክሪክ ነው። በ1858 ዴንቨር አካባቢ ወርቅ ተገኘ ተባለና በአንድ ዓመት ውስጥ ሰው እንደ አንበጣ ጎረፈ። ሜዳው የሸየንና የአራፓሆ ሕዝቦች ነበር። ኖቬምበር 29 ቀን 1864 ንጋት ላይ ቺቪንግተን በሚባል ኮሎኔል የተመሩ ወታደሮች ሳንድ ክሪክ ዳር የሰፈረውን መንደር ከበቡ። አለቃው ብላክ ኬትል የአሜሪካን ባንዲራና ነጭ ጨርቅ ሰቅሎ ነበር። ወደ 230 ሰው ተገደለ፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ሕፃናትና አዛውንቶች። ሳይለስ ሶል የሚባል ካፒቴን የራሱ ወታደሮች እንዳይተኩሱ አዘዘ። በኋላ በገዳዮቹ ላይ መስክሮ፣ ጥቂት ወራት ቆይቶ ዴንቨር ጎዳና ላይ ተገደለ። በዚያ ጊዜ አገረ ገዥ የነበረው ኤቫንስ በዚህ ጉዳይ ከሥልጣኑ ለቀቀ። ይሁንና ከዴንቨር የሚታየው ትልቅ ተራራ ስሙን ይዞ ቆየ። በ2023 ነው ብሉ ስካይ ተብሎ የተቀየረው። ስለዚህ የድሮ ካርታ ላይ «ማውንት ኤቫንስ» ካያችሁ አትደናገሩ። ሳንድ ክሪክ ከዴንቨር ወደ ሦስት ሰዓት መንገድ ነው። ሣርና ነፋስ ብቻ ነው ያለው። እኔ እንደዚያ ዓይነት ጸጥታ ሌላ ቦታ አልሰማሁም።

አራተኛው ሌድቪል ነው፣ እናቴ የሳቀችብኝ ቦታ። ኮሎራዶ ኦገስት 1 ቀን 1876 38ኛው ስቴት ሆነ። አሜሪካ ከተመሠረተች መቶ ዓመት በሞላበት ዓመት ስለሆነ «የመቶኛው ዓመት ስቴት» ይሉታል። በዚያው ሰሞን ሌድቪል ብር አፈለቀች፤ ገንዘቡን ሳይሆን ማዕድኑን። ሆራስ ቴቦር የሚባል ባለሱቅ በ1878 ለሁለት ድሃ ቆፋሪዎች በዱቤ ስንቅ ሰጠ፣ ካገኛችሁ ታካፍሉኛላችሁ ብሎ። አገኙ። ባለሱቁ ሚሊየነር ሆነ፣ ኦፔራ ቤት አሠራ፣ ሚስቱን ፈትቶ ቤቢ ዶ የምትባል ወጣት አገባ። በ1893 መንግሥት ብር መግዛቱን ሲያቆም ሀብቱ በነነ። በ1899 ሲሞት የዴንቨር ፖስታ ቤት ኃላፊ ነበር። ቤቢ ዶ ከማዕድን ጉድጓዱ አጠገብ ያለች የእንጨት ጎጆ ውስጥ ብቻዋን ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖራ በ1935 ክረምት እዚያው በብርድ ደርቃ ሞታ ተገኘች። ጎጆዋም ኦፔራ ቤቱም ዛሬ ድረስ ቆመዋል። በአንድ ከሰዓት ሁለቱንም ታያላችሁ።

ሃይዌይ 25ን ይዛችሁ ወደ ደቡብ የምትወርዱ ከሆነ ደግሞ ሉድሎ ላይ አሥር ደቂቃ ቁሙ። በኤፕሪል 1914 አድማ የመቱ የከሰል ማዕድን ሠራተኞች ድንኳን ተተኩሶበት ተቃጠለ፤ ከሥር በተቆፈረ ጉድጓድ የተሸሸጉ ሁለት ሴቶችና አሥራ አንድ ሕፃናት ታፍነው ሞቱ። ከነዚያ ሠራተኞች ብዙዎቹ እንግሊዝኛ የማይችሉ ስደተኞች ነበሩ።

3. ወሩን ምረጡ

አሁን ወደ ማታለያው። ቁመትን ብቻ ካያችሁ ምሥራቁ ቆላ፣ ዴንቨር ወይና ደጋ፣ ተራራው ደጋና ውርጭ ይሆናል። አላሞሳ የምትባለው የሸለቆ ከተማ 2,300 ሜትር ላይ ናት፣ ከአዲስ አበባ ጋር ልትቀራረብ ምንም አልቀራት። ታዲያ በጃንዋሪ ሌሊት ከዜሮ በታች ከ15 ዲግሪ መውረድ እዚያ የተለመደ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ላይ ናት፤ ኮሎራዶ በ37 እና በ41 መካከል። ባሕርም አጠገቡ የለም። ስለዚህ የኛ ደጋና ቆላ በበጋ ይሠራል፣ በክረምት አይሠራም። ከካናዳ የሚመጣው ብርድ «ቆላውን» ሜዳ ከማንም በፊት ይመታዋል። በዲሴምበር 2022 ዴንቨር በአንድ ሰዓት ውስጥ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ወርዳለች። ሹራብ ፍለጋ ቤት ደርሶ መመለስ እንኳ አይበቃም።

በበጋ ስሌቱ ቀላል ነው። በየ1,000 ሜትሩ ስድስት ተኩል ዲግሪ ያህል ቀንሱ። ጁላይ ላይ ዴንቨር 32 ዲግሪ ከሆነ 3,700 ሜትር ላይ 18 አካባቢ ነው፣ ነፋሱ ሳይቆጠር።

ጁላይና ኦገስት፣ ማለትም ሐምሌና ነሐሴ፣ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ አለ። ክረምታችን እዚህም ተከትሎን መጣ ብላችሁ ትስቃላችሁ። ጠዋት ጥርት ያለ ሰማይ፣ ከምሳ በኋላ ጥቁር ደመና። ተራራ ላይ ይህ ቀልድ አይደለም። 3,500 ሜትር አካባቢ ዛፍ ያበቃል፤ ከዚያ በላይ መብረቅ የሚያገኘው ረጅም ነገር እናንተን ነው። ደንቡ አንድ ነው፦ በማለዳ ውጡ፣ ከእኩለ ቀን በፊት ውረዱ።

በአማርኛ ከላይ የሚወርደውን ሁሉ በረዶ እንለዋለን። እዚህ ግን ሁለቱን ለዩ። ከሜይ ጀምሮ በሜዳውና በዴንቨር ዙሪያ የሚጥለው ጠጣር በረዶ የመኪና ጣሪያ ይቦረቡራል። የሜይ 2017ቱ አንዱ ብቻ 2.3 ቢሊዮን ዶላር ያህል ጉዳት አድርሷል። መኪና ስትከራዩ ኢንሹራንሱ ይህን ይሸፍን እንደሆነ ጠይቁ። እኔ ሳልጠይቅ ቀርቼ ዋጋውን አይቻለሁ፤ የድርጅቱን ስም እንተወው።

ለስላሳው በረዶ ደግሞ ከኦክቶበር እስከ ኤፕሪል ይመጣል። ዴንቨር ላይ አብዝቶ የሚጥለው በማርች ነው፣ ሰው ክረምቱ አለቀ ሲል። በ1921 ከቦልደር በላይ ሲልቨር ሌክ በሚባል ቦታ በ24 ሰዓት ውስጥ 193 ሴንቲ ሜትር ወርዶ ነበር። የዴንቨሩ ግን ቶሎ ይሟሟል። ፀሐዩ ጠንካራ ነው፤ ቺኑክ የሚባል ሞቃት ደረቅ ነፋስም ከተራራው ሲወርድ በረዶውን ይበላዋል።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ሴፕቴምበር ነው። መብረቁ ቀንሷል፣ መንገዱ ገና አልተዘጋም። ከሁሉ በላይ አስፐን የሚባለው ዛፍ በወሩ መጨረሻ ቢጫ ይለብሳል። ልክ በመስቀል ሰሞን፣ አገር ቤት ሜዳው አደይ አበባ ሲሆን።

4. ሰውነታችሁን አስቀድማችሁ አዘጋጁ

ከአዲስ አበባ በቀጥታ የመጣ ሰው ለዴንቨር አይጨነቅ፤ ወደ ታች ነው የወረደው። ከዋሽንግተን፣ ከዱባይ ወይም ከቴል አቪቭ የሚመጣ ሐበሻ ግን «እኔ የደጋ ልጅ ነኝ» እያለ አይኩራራ። ሰውነት ከፍታን ይረሳል፣ ያውም በጥቂት ሳምንት። የኔ ሌድቪል ምስክር ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሌሊቶች ዴንቨር እደሩ። ከዚያ ከ2,500 ሜትር በላይ ስትወጡ ውሃ ጠጡ፣ መጠጥ ቀንሱ፣ ደረጃ በሩጫ አትውጡ። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት የተለመዱ ናቸው። ከባሱ ውረዱ፤ መድኃኒቱ መውረድ ነው። ተቀምጦ ትንፋሽ ያጠረው ወይም የተምታታበት ሰው ካለ ሳይታደር ወርዶ ሐኪም ቤት ይግባ። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ዘመድ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ አስቀድማችሁ ሐኪሙን አማክሩ።

አየሩ ደረቅ ነው። ከንፈር ይሰነጠቃል፣ አፍንጫ ይደማል። ቫዝሊን ያዙ፣ መነጽርና ኮፍያም። ቆዳዬ ጥቁር ነው ብላችሁ የፀሐይ ክሬሙን አትናቁ፤ እኔ ንቄ ተልጬ አውቃለሁ። እዚያ ቤት ተከራይታችሁ የምታበስሉ ከሆነ ደግሞ ምስሩ አልበስል ሲል አትናደዱ። ሌድቪል ላይ ውሃ 90 ዲግሪ ላይ ይፈላል።

አንድ ከጤና ውጭ የሆነ ማስጠንቀቂያ። በኮሎራዶ 21 ዓመት ለሞላው ሰው ማሪዋና መግዛት በስቴቱ ሕግ ይፈቀዳል፤ ሱቁ በየመንገዱ ነው። በፌዴራል ሕግ ግን አሁንም የተከለከለ ነው። ዜግነት ያላገኘ ሰው፣ ግሪን ካርድ ያለውም ጭምር፣ ተጠቅሜያለሁ ብሎ ማመኑ ብቻ የኢሚግሬሽን ጉዳዩን ሊያበላሽበት ይችላል። ለጉብኝት የመጡ ዘመዶቻችሁ ይህን ከእናንተ ይስሙ።

5. መኪናና መንገድ

ከአውሮፕላን ማረፊያው ዴንቨር መሃል ድረስ ባቡር አለ፣ 37 ደቂቃ ይፈጃል። ስትወጡ ዓይኑ ቀይ የሚያበራ ግዙፍ ሰማያዊ ፈረስ ታያላችሁ። ቀራፂውን በ2006 የገደለው ይኸው ፈረስ ነው፤ አንዱ ክፍሉ ወድቆበት። ለእንግዳ መቀበያ ይህን መምረጣቸው ሁልጊዜ ይገርመኛል።

እንጀራ ከናፈቃችሁ አውሮራ ሂዱ። ኮልፋክስና ሃቫና ጎዳናዎች አካባቢ የሐበሻ ምግብ ቤት አታጡም።

ወደ ተራራው የሚወስደው ሃይዌይ 70 ነው። 3,401 ሜትር ላይ በአይዘንሃወር ዋሻ የአህጉሩን አከርካሪ ያቋርጣል። ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 በዚህ መንገድ የተራራው ክፍል ላይ ለበረዶ የሚሆን ጎማ ወይም ሰንሰለት ያስፈልጋል፤ ሕግ ነው። ስትከራዩ በአራቱም ጎማ የሚነዳውን ጠይቁና የጎማውን ጥርስ በዓይናችሁ እዩ። ቁልቁለት ላይ ማርሽ ቀንሱ፣ ፍሬን ረግጣችሁ አትውረዱ፤ ዓባይ በረሃን የነዳ ሰው ይህን ምክር አይፈልግም። እሑድ ከሰዓት ወደ ዴንቨር መመለስ ግን በማንኛውም ማርሽ አይሆንም። ወይ በጠዋት ተመለሱ፣ ወይ ሰኞን ጨምሩ።

6. አምስት ቀን ካላችሁ

በመጀመሪያው ቀን ዴንቨርና ሬድ ሮክስ ይበቃችኋል። ሬድ ሮክስ በሁለት ቀይ ዓለቶች መካከል የተሠራ የሙዚቃ መድረክ ነው፣ በ1941 የተከፈተ። ሁለተኛው ቀን ቦልደር፤ ማሚቱ ደስካን ጨምሮ አትሌቶቻችን ደጋግመው ያሸነፉበት የ10 ኪሎ ሜትር ሩጫ በየሜይ መጨረሻ የሚካሄደው እዚህ ነው። ዋዜማውን ዴንቨር ገብታችሁ ካደራችሁ ማታ ኤስተስ ፓርክ በምትባለው ከተማ እደሩ፤ ካልሆነ ዴንቨር ተመለሱ።

በሦስተኛው ቀን ሮኪ ማውንቴን ብሔራዊ ፓርክ። ትሬል ሪጅ የሚባለው መንገድ 3,713 ሜትር ይደርሳል፤ 18 ኪሎ ሜትር ያህሉ ከዛፍ በላይ ነው። ከኦክቶበር አጋማሽ እስከ ሜይ መጨረሻ ባብዛኛው ዝግ ነው። በበጋ ደግሞ በቅርብ ዓመታት መግቢያ ሰዓት አስቀድሞ ማስያዝ ግድ ሆኗል፤ ከመነሳታችሁ በፊት የፓርኩን ገጽ እዩ።

አራተኛው ቀን ሌድቪል። አምስተኛውን ወደ ደቡብ ታላቁ የአሸዋ ክምር ሂዱበት፣ ከፍታው ከ220 ሜትር በላይ ነው፣ ሳን ሉዊስም ሩቅ አይደለችም። በጁላይ ቀትር አሸዋው ባዶ እግር ያቃጥላል። ሜሳ ቨርዴን በዚህ ጉዞ አትሞክሩት፤ ከዴንቨር ሰባት ሰዓት የሚፈጅ መንዳት ነው፣ ለብቻው ሦስት ቀን ስጡት።

በሴፕቴምበር መጨረሻ ከሆናችሁ ግን የአሸዋውን ጉዞ ሰርዙና ኬኖሻ መተላለፊያ ሂዱ፣ በሃይዌይ 285። በሳምንቱ መሃል፣ በማለዳ። ቅዳሜና እሑድ መኪና ማቆሚያ አታገኙም። እናቴ እዚያ አንድ ቢጫ ቅጠል አንስታ መነጽሯ ቤት ውስጥ ከተተች። አገር ቤት ስትደርስ ደርቆ ተሰባብሮ ነበር፤ እሷ ግን አሁንም ለመጣ ሁሉ ፍርፋሪውን ታሳያለች።